አረንጓዴው ሙቅ ውሃ

ከማዕከላዊ ማመንጫ ለመኖሪያ ቤቶች ሙቀት በሚያከፋፍል ድርጅት የጥገና ክፍል ስሠራ ካጋጠሙኝ ጥሪዎች ሁሉ የማልረሳው የአንዲት አረጋዊት ጥሪ ነው። የልጅ ልጃቸውን ገላ ሊያጥቡ ነጩን ገንዳ ሲሞሉ ውሃው ወደ አረንጓዴ አደላባቸው። ስልክ ቢደውሉ ተቀባዩ፣ «የቧንቧ ዝገት ይሆናል፤ እስኪጠራ ያፍስሱት» ብሎ አሰናበታቸው። እርሳቸው ግን መልሰው ደወሉ፤ ይህኛው ጥሪ ለእኔ ደረሰ። «ልጄ፣ ዝገት መች አረንጓዴ ሆኖ ያውቃል? ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይብሳል» አሉኝ። ይህን ስሰማ ዕቃዬን ይዤ ተነሣሁ።

እኛ በምንሠራበት ሥርዓት ከማመንጫው የሚመጣው ውሃ ቤት ውስጥ አይገባም። ሙቀቱን ምድር ቤት ላለው የሙቀት መለዋወጫ አስረክቦ ይመለሳል። መለዋወጫው የተደራረቡ የማይዝግ ብረት ሉሆች ነው፤ በአንዱ ክፍተት የማመንጫው ውሃ፣ በቀጣዩ የቤቱ ውሃ ያልፋል። በመካከላቸው ያለው ብረት ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የማመንጫው ውሃ ቧንቧ እንዳይበላ ኦክስጅኑ የተወገደለትና በኬሚካል የታከመ ስለሆነ ለመጠጥ አይሆንም። ስለዚህ እንደ ስቶክሆልም ባሉ ከተሞች ፓይራኒን የሚባል አረንጓዴ ቀለም ይጨመርበታል። ቀለሙ ራሱ አይጎዳም፤ ሥራው ውሃው ሲሾልክ ማጋለጥ ነው።

ከቀዝቃዛው አንድ ብርጭቆ፣ ከሙቁም አንድ ብርጭቆ ቀዳሁ። በመስኮቱ ብርሃን ሁለቱም አንድ ይመስሉ ነበር፤ ቀለሙ የሚታየው ውሃው ገንዳ ሙሉ ሲሆን ነው። የአልትራቫዮሌት ባትሪዬን ሳበራባቸው ግን ሙቁ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ፈካ፤ ቀዝቃዛው እንደነበረ ቀረ። አረጋዊቷ ብርጭቆውን አይተው ሕፃኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

ምድር ቤት ወርጄ የማመንጫውን መስመር በሁለቱም በኩል ዘጋሁና ማፍሰሻውን ከፈትሁ። መለዋወጫው ደኅና ቢሆን ኖሮ በውስጡ የቀረው ውሃ ወርዶ ባበቃ ነበር። ይህኛው ጠብ ጠብ ማለቱን ቀጠለ፤ እየቆየም ቀዘቀዘ። የቤቱ ውሃ በራሱ ግፊት ሉሁን አልፎ እየመጣ ነበር ማለት ነው። መስመሩ ክፍት ሳለ የማመንጫው ግፊት ስለሚበልጥ ፍሰቱ በተቃራኒው ነበር፤ ሌሊት ሙቅ ውሃ የሚከፍት ስለሌለ የሾለከው ተጠራቅሞ ያድራል።

ለሕንፃው በሙሉ ሙቅ ውሃ አቋረጥሁ። ክፍሎቹን የሚያሞቀው መስመር የራሱ መለዋወጫ ስላለው አልተነካም። ያም ሆኖ ነዋሪዎች ተቆጡ፤ ቁጣቸው ይገባኛል፣ ግን ዛሬም ቢሆን አቋርጣለሁ። እንዲህ ያለው መለዋወጫ ሉሆቹ በመዳብ የተበየዱ ስለሆኑ ተፈትቶ አይጠገንም፤ በአዲስ ተተካ። መስመሩ ታጥቦ፣ ከሁሉ ርቆ ካለው ቤት የተቀዳው ውሃ በባትሪው ተፈትሾ ንጹሕ ሲሆን ነው መልሼ የከፈትሁት።

ያስቆጣኝ የመለዋወጫው መበሳት አይደለም፤ ብረት ያረጃል። ያስቆጣኝ ለማስጠንቀቂያ ተብሎ የተጨመረ ቀለም ሥራውን ሠርቶ፣ ያዩት ሴት ተናግረው፣ በእኛ በኩል የሚሰማ መጥፋቱ ነው። ይህንኑ ለኃላፊዎች ጻፍሁ። አሁን ስልክ ተቀባዮች ውሃው ከሙቁ ነው ከቀዝቃዛው፣ ጠዋት መጀመሪያ ሲከፈት ይብሳል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ደዋዩ አረንጓዴ ካለ ደግሞ ሙቁን እንዳይጠጣ፣ እንዳያበስልበት ነግረው በዚያው ሰዓት ባለሙያ ይልካሉ።