ማቆም ሌላ፣ ማስቀመጥ ሌላ

ደሴ፣ ሐሙስ ማታ

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ነበር። የአማርኛ የእጅ ጽሑፍ እንዲያነብ የማሠለጥነው ሞዴል፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም፣ አብሮ ጠፋ። ማታ መብራት ሲመጣ ከቆመበት ቀጠለ። በጣም ደስ አለኝ።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ የሚማር የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ፕሮግራሜን በኮንትሮል ዜድ አቁሜዋለሁ፤ ነገ ይቀጥልልኛል አይደል?» አለኝ። ኮምፒውተሩ ካልጠፋ፣ አዎ። ሊኑክስ ላይ ኮንትሮል ዜድ ፕሮግራሙን ባለበት ያቆመዋል፤ ኤፍጂ ብለህ ስትጽፍ ይነሳል። የያዘው ሁሉ ግን ያለው ራም ላይ፣ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ራም ባዶ ይሆናል። ስሊፕም ያው ነው። ሃይበርኔት ራሙን ዲስክ ላይ ገልብጦ ስለሚያጠፋ ይሻላል፤ ግን ቀድሞ መታዘዝ አለበት። መብራት ድንገት ሲሄድ ለዚያ ጊዜ የለም።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱ በየጊዜው የደረሰበትን ዲስክ ላይ ይጻፍ። ቼክፖይንት የሚባለው ይህ ነው።

እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ ምን እንደሚቀመጥ ነው። ብዙ ሰው የሞዴሉን ዌይቶች፣ ማለትም ሲማር የሚስተካከሉትን ቁጥሮች፣ ብቻ ሴቭ ያደርጋል። አይበቃም። ሥልጠናው አዳም በሚባለው ዌይት ማስተካከያ ዘዴ የሚሄድ ከሆነ፣ አዳም ለእያንዳንዱ ዌይት ሁለት አማካዮች ይይዛል፤ አንዱ የግራዲየንቱ (ዌይቱ ወደየት መስተካከል እንዳለበት የሚያሳየው ቁጥር)፣ ሌላው የግራዲየንቱ ስኩዌር። እነሱ ከሌሉ ፕሮግራሙ ይነሳል፤ ግን ያለፈውን ሳያውቅ ነው የሚነሳው። ዳታው የቱ ጋ እንደደረሰ፣ የራንደም ቁጥሩም ሁኔታ አብሮ ይቀመጥ። አለዚያ በዚያ ዙር አንዱ ምስል ሁለቴ ይታያል፣ ሌላው ጭራሽ ይዘለላል።

አጻጻፉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአሮጌው ፋይል ላይ እየጻፍክ መብራት ከሄደ አሮጌውም አዲሱም የለህም። መጀመሪያ በሌላ ስም ጻፍ፣ ኤፍሲንክ በሚባለው ትእዛዝ ዲስክ ላይ መድረሱን አረጋግጥ፣ ከዚያ ስሙን ወደ አሮጌው ፋይል ስም ቀይር። ስም መቀየሩ ወይ ሙሉ በሙሉ ይሆናል፣ ወይ አይሆንም፤ ግማሽ የለውም።

በየስንት ጊዜው? ለዚህ ጆን ያንግ በ1974 እ.ኤ.አ. ቀላል ቀመር አውጥቷል። ሴቭ ማድረጊያውን ጊዜ በሁለት አባዛ፣ በብልሽቶች መካከል ባለው አማካይ ጊዜ አባዛ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰድ። ሴቭ ማድረግ ግማሽ ደቂቃ ቢወስድና መብራት በአማካይ በየ10 ሰዓቱ ቢሄድ፣ ወደ 24 ደቂቃ ይመጣል። እንዲህ ያለ ቀመር እኛ ጋ ላለ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ውድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) መግዛት የማይችል ተማሪም ከባድ ሥራ መጀመር ይችላል ማለት ነው።

ልጁን «አብሽር» አልኩት። ቅዳሜ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። አንዱን ሥልጠና ሳናቋርጥ እናስኬደዋለን፤ ሌላውን መሃል ላይ ኪል 9 በሚባለው በግድ ማጥፊያ ትእዛዝ ገድለን እናስነሳዋለን። ከዚያ የሁለቱን ሎስ፣ ማለትም የስህተት መጠን፣ ቁጥር በቁጥር እናስተያያለን። ከተለያዩ ያላስቀመጥነው ነገር ሊኖር ይችላል፤ እሱን እንፈልጋለን።