ውሃ አለ በተባልንበት ቦታ ውሃ አልነበረም

ከእኛ በፊት ያለፈ አንድ ሰው አስጠንቅቆን ቢሆን ኖሮ ጓደኛዬ ያን ቀን ለሞት ባልቀረበ ነበር። የምጽፈው ለዚህ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ከአዋሽ ተነሥተን በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አድርገን ሰመራ፣ ከዚያም ከሰርዶ ታጥፈን አፍዴራ ሐይቅ ድረስ በብስክሌት ልንሄድ ወጣን። ያሰብነው ጥር ላይ ነበር። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልን ቢሮ ግን «ነገ ተመለሱ» እያለ እስከ መጋቢት አጋማሽ አመላለሰን። በአፋር ምድር በጥርና በመጋቢት መካከል ያለው ልዩነት የሁለት ወር ብቻ አይደለም። ጉዞውን ለከርሞ ማስተላለፍ ሲገባን «ዝግጅታችን ከሚባክን» ብለን ወጣን። የመጀመሪያው ጥፋት የእኛው ነው።

እስከ ሰመራ ያለው መንገድ አስፋልት ነው፤ አብዛኛውም ቁልቁል ስለሚሄድ አይከብድም። ከባዱ ነገር ከጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱት ተሳቢዎች ናቸው። ሁለት ተሳቢዎች ሊተላለፉ ሲመጡ ካያችሁ ሳትከራከሩ ከአስፋልቱ ውረዱ። ስትወርዱ ግን ብስክሌቱን ተሸከሙት እንጂ አትግፉት። በአሚባራና በገዋኔ ዙሪያ ምድሩን የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለ ዛፍ እሾህ በሁለት ቀን ውስጥ ካላማዳሪያችንን ሰባት ጊዜ በስቶታል። እስከ ሰመራ በየከተማው ጎሚስታ አይጠፋም። ከሰርዶ በኋላ ግን በራሳችሁ እጅ ከምትጠግኑት በቀር ተስፋ የለም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ሰርዶ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰች ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ሰሜን ሲታጠፉ ዛፍ ይጠፋና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ድንጋዩ ፀሐዩን ይጠጣና ከታች መልሶ ይተፋዋል። ይህን ስለምናውቅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እያንዳንዳችን አሥር አሥር ሊትር ውሃ ጭነን ተነሣን። አንድ ኬላ ላይ ደረስን፤ ዘበኛው ደብዳቤያችንን አገላበጠና «የሰሌዳ ቁጥር የለበትም» አለ።

«ብስክሌት እኮ ሰሌዳ የለውም» አልኩት።

«ደብዳቤው ተሽከርካሪ ነው የሚለው። ኃላፊው ይምጡ።»

ኃላፊው የመጡት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። አምስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ቀዝቃዛው ሰዓት በከንቱ ሲያልቅ ቆመን አየን። እኒያ ሰው ደብዳቤውን እንኳ ሳያነቡ «ይለፉ» አሉ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የባሰው ግን ቀጥለው የተናገሩት ነው፦ «40 ኪሎ ሜትር ላይ የውሃ ታንከር አለ። ይህን ሁሉ ጀሪካን ለምን ትሸከማላችሁ?» ባለሥልጣን የተናገረው እውነት መሰለን። ከሃያው ሊትር ስምንቱን ለኬላው ጠባቂዎች ትተን ወጣን።

ትንሽ እንደሄድን ፍየሎች የሚጠብቁ አንድ አዛውንት እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙን። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ከሁሉ በፊት ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ውሃ የት እንዳለ፣ መንገዱ ሰላም ስለመሆኑ ያየውንና የሰማውን አንዱ ለሌላው ያስረክባል። ይህን አንብቤ አውቅ ነበር፤ ቋንቋቸውን ግን አላውቅም። ሽማግሌው በበትራቸው ወደ ሰሜን አመለከቱ፣ መዳፋቸውን ገለበጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። የጠማቸው መስሎኝ ውሃ ሰጠኋቸው። አልተቀበሉም። መልሰው እጄ ውስጥ አኖሩትና ጣቶቼን በላዩ ላይ አጠፉልኝ። «ረፍዶብናል፣ እንሂድ» አለኝ ጓደኛዬ። ሄድን።

ታንከሩ ጋ ስንደርስ ቧንቧው ዝጓል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ብስክሌቴ ላይ ያሰርኩት ቴርሞሜትር 43 ዲግሪ ይላል። ከዚያ ጥቂት እንደሄድን ጓደኛዬ ከመንገዱ መሐል ወደ ዳር ማዘንበል ጀመረ። ጠርቼው ሲመልስልኝ የሚናገረው ስለ እናቱ ቤት ነበር። ፊቱን ስነካው እሳት ነው፤ ላብ ግን የለውም። ያኔ ነው የደነገጥኩት፤ ያልበዋል እያልኩ ስጽናና ነበርና።

ከአስፋልቱ ሥር የጎርፍ ማሳለፊያ ቱቦ አገኘሁና ጎትቼ አስገባሁት። ከቀረን አራት ሊትር ገደማ ሁለቱን ሽርጤ ላይ አፍስሼ አንገቱን፣ ብብቱንና ብሽሽቱን እያረጠብኩ በካርቶን አራገብኩለት። ለመጠጥ ይቆይ ብዬ ብሰስት ኖሮ የሚጠጣው ሰው ባልነበረ። ልቡናው መለስ ሲል ኦአርኤስ (ከሰውነት የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በጥብጬ በጥቂት በጥቂቱ አስጎነጨሁት። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ጨው ሊጭን ባዶውን ወደ አፍዴራ የሚሄድ መኪና ደረሰልን። ረዳቱ የአፋር ልጅ ነበር። የሽማግሌውን ምልክት ሳሳየው ቅር ብሎት አየኝ። «ታንከሩ ደርቋል፣ ተመለሱ ብለዋችኋል እኮ» አለኝ።

ስለዚህ አፍዴራ የደረስነው በብስክሌት ሳይሆን በጭነት መኪና ነው። ብስክሌቶቹ ከላይ ታስረው፣ ጓደኛዬ ከሹፌሩ ጎን ተኝቶ።

ለሚቀጥለው ሰው የምለው ይህ ነው። ቢሮዎቹ «ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት አትንቀሳቀሱ» ይላሉ። ተሳቢ በሚበዛበት ዋና መንገድ ላይ ልክ ናቸው። ከሰርዶ በኋላ ባለው መንገድ ግን ጎሕ ሲቀድ መንገድ ላይ ያልሆነ ሰው ያን ቀን ባይሄድ እመርጣለሁ። እስከ 2 ሰዓት ካቆዩአችሁ «እለፉ» ብለው ቢለምኗችሁም አትውጡ፤ ጥላ ፈልጋችሁ እስከ ከሰዓቱ 10 ሰዓት ተኙ። ማንም ምንም ቢላችሁ የጫናችሁትን ውሃ አታራግፉ። አንዱ የኦአርኤስ ከረጢት ለአንድ ሊትር ነው፤ ለየቀኑ ለአንድ ሰው ሦስት ያዙ። ከደብዳቤው ይልቅ አፋርኛ የሚችል ጓደኛ ፈልጉ።

በሦስተኛው ቀን ጨው በጫነ መኪና ስንመለስ ሹፌሩን ለምኜ ሽማግሌውን ያገኘንበት ቦታ ላይ አስቆምኩት። የያዝኩላቸው ቡናና ስኳር ነበር። ፍየሎቹም ሰውየውም የሉም፤ ሦስት የምድጃ ድንጋዮች ብቻ ቀርተዋል። ረዳቱ ወርዶ ዱካውን አየና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ግጦሽ መሄዳቸውን ነገረኝ። ቡናውን ለእርሱ ሰጠሁት፤ በዳጉ ያገኛቸዋል ብዬ።