ከሙቀጫው ያመለጠች ጨው

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጥሬ ጨው ስወቅጥ አንዲት ፍሬ ከሙቀጫው አፈትልካ ወለሉ ላይ ወደቀች። አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን አየኋት፤ ከምስር አትበልጥም፣ ማዕዘኖቿ ግን በማስመሪያ የተለኩ ይመስላሉ። በዘነዘናው ጫፍ መታ ሳደርጋት ለሁለት ተከፈለች፤ የተሰነጠቀው ገጽም እንደ ቀድሞው ዝርግ ነበር።

«አዮናዊ ውሕዶች ጠንካራ ግን ተሰባሪ ናቸው» ብዬ የኬሚስትሪ ተማሪዎቼን ስንት ዓመት አስጽፌያለሁ፤ አዮን ማለት ኤሌክትሮን ሰጥቶ ወይም ተቀብሎ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያገኘ አቶም ነው። በጨው ውስጥ ፖዘቲቭ የሆነው የሶዲየም አዮንና ኔጌቲቭ የሆነው የክሎራይድ አዮን እየተፈራረቁ ተደርድረዋል፤ ምቱ አንዱን ረድፍ በአንድ አዮን ስፋት ሲያንሸራትተው ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸው ፊት ለፊት ገጥመው ይገፋፋሉ፣ ፍሬዋም በዚያው መስመር ትሰነጠቃለች። (የአሞሌው ቅርጽ ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ እሱን አራት ማዕዘን ያደረገው የአፋር ጨው ቆራጮች እጅ ነው።)

ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሶዲየም ኤሌክትሮን መስጠት «ይፈልጋል»፣ ክሎሪንም መቀበል «ይፈልጋል» እያልኩ ነው ያስተማርኩት። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ በፈቃዱ የሚሰጥ ከሆነ ለማስለቀቅ ለምን ኃይል ይጠየቃል?» ስትለኝ ደወሉ አዳነኝ። ዛሬ ማታ ሒሳቡን ጻፍኩት። በጋዝ መልክ ካለ የሶዲየም አቶም ኤሌክትሮን መንጠቅ ለአንድ ሞል (አቶሞች በጅምላ ለሚቆጠሩበት መለኪያ) 496 ኪሎጁል ኃይል ያስወጣል፤ ክሎሪን ሲቀበለው የሚመለሰው 349 ብቻ ነው። ርክክቡ ብቻውን የ147 ኪሎጁል ኪሳራ ነው። ኪሳራውን አካክሶ የሚያተርፈው፣ ከዚያ በኋላ አዮኖቹ ተሳስበው ክሪስታል ሲሠሩ የሚወጣው 787 ኪሎጁል ገደማ ነው። ትስስር የምንለው ይህንን መሳሳብ ነው፤ ርክክቡ የመግቢያ ክፍያ ነው። ጨው እስከ 801 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይቀልጥ የሚቆየውም፣ ደረቅ ሳለ አዮኖቹ ከቦታቸው ስለማይነቃነቁ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈውም በዚሁ ነው።

መማሪያ መጽሐፉ ላይ የኤሌክትሮኑን ርክክብ ለማሳየት የተሳለችው ቀስት አንዱ ሶዲየም ከአንዱ ክሎሪን ጋር ጎጆ የወጣ ታስመስላለች። እያንዳንዱ አዮን ግን በስድስት ተቃራኒ አዮኖች ስለተከበበ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ብራጎች፣ አባትና ልጅ፣ በ1913 እ.ኤ.አ. በኤክስሬይ ይህንን ካሳዩ በኋላ እንኳ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ አልዋጥልህ ብሎት በ1927 ተቃውሞውን በጽሑፍ አሰምቷል። የእኔ መዘግየት በዚህ ትንሽ ቀለለኝ።

ነገ ያቺን ተማሪ ወደ ሰሌዳው ጠርቼ 496ቱን እሷ እንድትጽፈው አደርጋለሁ። ሁለቱን ግማሾች በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ።