ጋሻ፣ 20 ቆርኪ እና የኮምቦልቻ ታክሲ

ደሴ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አራት ተጫዋቾች ሰብስቤ የጠረጴዛ ጨዋታ ማጫወት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሞላኝ። ከስምንቱ ግማሹን ያስጨነቀኝ አንድ ምትሃት ነው፤ «ጋሻ»። ዛሬ የምጽፈው እሱን ለማስተካከል ምን ምን እንደሞከርን ነው። አጫዋች የሆናችሁ፣ በተለይ እንደኛ ሕጉን ከስልክ እያነበባችሁ የምትማሩ፣ አንድ ወር እንኳ ባተርፍላችሁ ደስ ይለኛል።

የምንጫወተው በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና ይዞ የሚጫወትበት፣ አጫዋቹ ታሪኩንና ጠላቶቹን የሚመራበት ጨዋታ። መጽሐፎቹ የሉንም። ግን መሠረታዊው የሕግ ሰነድ በፈረንጆቹ ጥር 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለተለቀቀ ማንም በነጻ አውርዶ መተርጎምም ማሻሻልም ይችላል። እኔም የሚያስፈልገንን እየተረጎምኩ በደብተር ይዣለሁ። ባለ 20 ገጽ ዳይስም ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ 20 የለስላሳ ቆርኪ ላይ ከ1 እስከ 20 ቁጥር ጻፍንና በጨርቅ ከረጢት ከተትናቸው። ጠላት ሲያጠቃ እጅ ከቶ አንድ ማውጣት ነው።

ስለ ቃላችን አንድ ነገር ልበል። መጀመሪያ «ድግምት» እል ነበር። እናቴ ቡና እያፈላች ሰማችኝና ፊቷ ተለወጠ። እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ድግምት የተረት ቃል አይደለም፤ ሰው የሚፈራው፣ ቤት ያፈርሳል የሚባል ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ምትሃት» አልነው። ምትሃት የሚሠራበትን አቅም ደግሞ «ስንቅ» አልነው። ለመንገድ ትይዘዋለህ፣ ስትበላው ያልቃል፣ ደርሰህ ስታርፍ ትሞላለህ። ይህ ስም በኋላ መፍትሔውን አሳይቶኛል።

አሁን ወደ ችግሩ። ጋሻ የመጀመሪያ ደረጃ ምትሃት ነው። ጠላት ሲመታህ በአጸፋ ትጠራዋለህ፤ እስከሚቀጥለው ተራህ መጀመሪያ ድረስ የመከላከያ ቁጥርህ ላይ 5 ይጨምራል። አንድ ስንቅ ይበላል። ሲነበብ ቀላል ነው። ጠረጴዛ ላይ ግን ከኮምቦልቻ የሚመጣው ልጅ ተዋጊውን ከአስማተኛ ጋር ቀላቀለ፤ ሁለት ደረጃ ተዋጊ፣ አንድ ደረጃ አስማተኛ። ከዚያ በኋላ የሚነካው ጠፋ።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆርኪዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ስቆጥር ነው። ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ጭራቅ ሲያጠቃ በወጣው ቁጥር ላይ 4 ይደምራል፤ ድምሩ የመከላከያ ቁጥርህን ካከለ ወይም ከበለጠ ያገኝሃል። የአክስቴ ልጅ የምትጫወታት አስማተኛ ከነምትሃት ልብሷ መከላከያዋ 15 ነው። ስለዚህ ከ20 ቆርኪ 10ሩ ያገኟታል። ጋሻ ስትጠራ 20 ይሆናል፤ 5 ቆርኪ ያገኟታል። ጉዳቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ተዋጊው ግን የሰንሰለት ጥሩር ለብሶ፣ የእጅ ጋሻ ይዞ፣ የመከላከል ስልቱ አንድ ጨምሮለት 19 ነው። 6 ቆርኪ ብቻ ያገኙታል። ጋሻ ሲጠራ 24 ይገባና የቀረው አንድ ቆርኪ ነው፣ 20 ቁጥር። ከስድስት ወደ አንድ!

ምትሃቱ ያው፣ ጭማሪው ያው 5። ለሁለቱም የቀነሰው 5 ቆርኪ ነው። ግን አሥር ካለው ሰው አምስት መውሰድና ስድስት ካለው አምስት መውሰድ አንድ አይደለም። መከላከያ በመከላከያ ላይ ሲደረብ የመጨረሻዋ ጭማሪ ከመጀመሪያዋ ይልቅ ትከብዳለች። ይህን በቁጥር እስካየው ድረስ ስህተቱ የኔ የጎብሊን አመራር ይመስለኝ ነበር። እሱን ለመንካት ብዬ የጠላት ብዛት እጨምራለሁ። የሚሞቱት ሌሎቹ ናቸው። ሁለት ቅዳሜ ተከታትሎ የአክስቴ ልጅ ነፍሷ ዜሮ ገብቶ ዝም ብላ ተቀምጣ አመሸች። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

አንድ ሌላ ጉድለት ደግሞ ከከረጢቱ መጣ። የወጣውን ቆርኪ ወዲያው አንመልስም ነበር፤ ሃያውም ሲያልቅ ነበር የምንሞላው። ከተጫዋቾቹ አንዷ የሆነችው ፋርማሲስት ነች ያስተዋለችው። ልጁ የወጡትን ይቆጥራል። 20 ቁጥር አንዴ ከወጣ፣ ከረጢቱ እስኪሞላ ድረስ በጋሻው ሥር የሚነካው የለም። አጭበረበረ አልልም፤ ሁላችንም እያየን ነው የተጫወትነው። አሁን እያንዳንዱ ቆርኪ እንደወጣ ተመልሶ ይገባል፣ ከረጢቱም ይናጣል። ዳይስ የሌላችሁ ይህን ከመጀመሪያው ቀን አድርጉት።

ከዚያ የተሳሳተ መፍትሔ አመጣሁ። ጋሻን ከ5 ወደ 2 አወረድኩት። ውጤቱ በአንድ ቅዳሜ ታየ። አስማተኛዋ ከ10 ቆርኪ ወደ 8 ለመውረድ አንድ ስንቅና አጸፋዋን ትከፍላለች። ማን ይከፍላል? ደጋግማ አሰበችና ተወችው። ተዋጊው ደግሞ 6 ወደ 4 ወረደለት፤ አሁንም ከሁሉም የተሻለ። ጠንካራውን ልቀንስ ብዬ ደካማዋን ገፈፍኳት። በሁለተኛው ሳምንት ይቅርታ ጠይቄ 5ቱን መለስኩ።

ሦስተኛው ነገር ሕጉን እንደገና ሳነብ የተገኘ ነው። ጋሻን ለመጥራት የእጅ ምልክት ያስፈልጋል፤ የእጅ ምልክት ደግሞ ቢያንስ አንድ ባዶ እጅ ይፈልጋል። ተዋጊያችን በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በአንድ እጁ የእጅ ጋሻ። ባዶ እጅ የለውም! ይህን መስመር ተርጉሜ ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር፣ አንድም ቀን አልጠየቅነውም። ለልጁ ደውዬ ነገርኩት። ቅር ይለዋል ብዬ ነበር። «እና የእጅ ጋሻውን ብጥለውስ?» አለኝ። ቆጠርን። ያለ እጅ ጋሻ መከላከያው 17፣ 8 ቆርኪ ያገኙታል። ምትሃቱን ሲጠራ 22፣ 3 ቆርኪ። ከበፊቱ ደከመ፣ ግን አሁን የሚመርጠው ነገር አለው። በማያልቅ የእጅ ጋሻና በሚያልቅ ምትሃት መካከል።

እንዲህም ሆኖ አንድ ነገር ይጎድል ነበር። ሁለት ስንቅ ብቻ ያለው ሰው ለምን ሁልጊዜ ጋሻ አያልቅበትም?

መልሱ ታክሲው ነው። ልጁ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። 8 ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በጭጋግና በማታ አይወደድም፣ ስለዚህ 11 ሰዓት ተኩል ሲል መናኸሪያ መድረስ አለበት። በዚያ ጊዜ የምንጨርሰው አንድ ውጊያ ነው። እኔ ደግሞ ለማሳመር ብዬ ሁልጊዜ «መሸ፣ ተኛችሁ፣ ስንቃችሁ ሞላ» እያልኩ እዘጋለሁ። ሕጉ የተሠራው ግን በእረፍትና በእረፍት መካከል ብዙ ግጭት እንዲኖር ታስቦ ነው። ረጅም እረፍት 8 ሰዓት ይፈልጋል፣ በ24 ሰዓትም ከአንድ በላይ አይጠቅምም። እኛ በየውጊያው እያስተኛን ስንቁን የማያልቅ አደረግነው።

አሁን የጨዋታው አንድ ቀን ሦስት ቅዳሜ ይፈጃል። ስማቸውን አቦል፣ ቶና፣ በረካ አልናቸው። በአቦል የበላኸው ስንቅ በቶና አይመለስም። የቀረውን በየወረቀታቸው ጽፈው ለኔ ይሰጡኛል፣ በደብተሩ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ከበረካ በኋላ ብቻ ይተኛሉ። ከሁሉም ለውጥ ይህኛው ነው የሠራው፤ ከምትሃቱ አንድ ፊደል ሳንነካ።

ትንንሾቹን በአጭሩ ላንሳ። ሰው ሲመታ የወጣውን ቁጥር አልናገርም፤ «ተመታህ» ብቻ እላለሁ፣ ጋሻ ይጠራ አይጠራ ራሱ ይገምታል። ፋርማሲስቷ የምትሰጠው 2 የሚጨምር የእምነት ጋሻም አለ። 24 ላይ ለደረሰ ሰው ምንም አይጨምርለትም፤ 20 ቁጥር ምንጊዜም ይመታልና። ስለዚህ አሁን ለአስማተኛዋ ትሰጣለች። እሳትና መርዝ የሚረጩ ጠላቶችን አንዳንዴ አስገባለሁ፣ ጋሻ እነሱን አይከለክልም። ግን ሁሉን ጠላት እንደዚያ ማድረግ ልጁን መቅጣት ነው፣ አላደርገውም።

ባለፈው ቅዳሜ በረካ ነበር። አሞሌ የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎችን አጅበው ገደል ጫፍ ደርሰዋል። ተዋጊው አንድ ስንቅ፣ 9 ነፍስ ቀርቶታል። ከላይ የመጣ ቀስት አገኘው። «ተመታህ» አልኩት። ዓይኑ የአክስቴ ልጅ ወረቀት ላይ ሄደ፤ የሷ ስንቅ አልቋል። ገደሉ ላይ ገና ሦስት ቀስተኞች አሉ። ቡናው ቀዝቅዟል፣ ሰዓቱም 11 አልፏል፣ ማንም አልተናገረም።

«ተወው፣ ልመታ» አለ። ስንቁን ለኋላ አቆየው።