በሞቴ ቅመሺ

ትናንት ማታ መብራት የመጣው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። እንቅልፌ አንዴ ካመለጠኝ አይመለስም። ላፕቶፑን አልጋ ላይ አውጥቼ፣ አንዲት ጓደኛዬ በፍላሽ ገልብጣ ከሰጠችኝ አሮጌ ፊልሞች አንዱን ከፈትኩ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ። «ዴይስ ኦቭ ዋይን ኤንድ ሮዝስ» ይባላል፣ የወይንና የጽጌረዳ ቀናት እንደማለት። ርእሱን አይቼ የፍቅር ፊልም መስሎኝ ነበር። ነውም። የከበደኝም እሱ ነው።

ዳይሬክተሩ ብሌክ ኤድዋርድስ ነው፣ በኋላ «ፒንክ ፓንተር» የተባለውን አስቂኝ ፊልም የሠራው። ዋናው ተዋናይ ጃክ ሌመንም ሰው በማሳቅ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ እየሳቅኩ ነበር የማየው። ጆ ክሌይ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሕዝብ ግንኙነት ሥራ የሚኖር ሰው ነው። ሥራው በወረቀት ላይ ሕዝብ ግንኙነት ይባል እንጂ ደንበኛን ማስደሰት ነው፤ ግብዣ ማዘጋጀት፣ ቆነጃጅትን መሰብሰብ፣ አብሮ መጠጣት። ኪርስተንን ያገኛትም እንዲህ ባለ ግብዣ ላይ ነው። ለግብዣው ከተጠሩት ሴቶች አንዷ መስላው ያመናጭቃታል፤ ለካ የደንበኛው ጸሐፊ ናት። ያንን ስህተት ለማስተካከል ሲለማመጣት ነው ነገሩ የሚጀመረው። ኪርስተንን የምትጫወተው ሊ ሬሚክ ናት።

ኪርስተን አትጠጣም። የመጠጥ ጥቅሙ አይታያትም። የምትወደው ቸኮሌት ነው። ጆ ይቺን ይዞ አሰበ፣ ከዚያም ብራንዲ አሌክሳንደር አዘዘላት። ብራንዲ፣ ክሬምና የካካዎ መጠጥ የተቀላቀለበት፣ ጣፋጭ ነገር ነው። ቀመሰችው፣ ቸኮሌት ቸኮሌት አላት፣ ደስ አላት።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቆምኩት።

ጆ አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ምን እንደሚላት አውቃለሁ። «በሞቴ» ይላት ነበር። በቤታችን ያ ቃል የተባለበትን ምሽት ስላስታወስኩ ነው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ሰው የሚያከብረው፣ ጽሕፈቱ የሚያምር፣ ሲመሽ ግን የማይገኝ። ምክንያቱ ሁሌም አንድ ነበር፤ «ብርዱ ነው»። ለነገሩ የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይሄን ምክንያት አይንቀውም። አንድ ክረምት፣ ሞቅ ብሎት ሲመጣ ቦይ ውስጥ ወድቆ አደረ። ጎረቤት ነው ተሸክሞ ያመጣው። እናቴ በማግስቱ አልጮኸችም። ጭቃውን አጠበች፣ ልብሱን አሰጣች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ «ከዛሬ ጀምሮ እቤትህ ጠጣ» አለችው። ከሜዳ የሚወድቅ ከልጆቹ ጎን ቢወድቅ ይሻላል ብላ ነው። ስንት ቤት ውስጥ ይሄ ውሳኔ እንደተወሰነ እንጃ፣ በእኔ ቤት የተወሰነው ግን በፍቅር ነው።

ከዚያ በኋላ ተላላኪዋ እኔ ሆንኩ። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ አረቄ የምታወጣ ጎረቤት ነበረች። ወረቀት የተወተፈበት ጠርሙስ በነጠላዬ ሥር ይዤ እመላለሳለሁ። ጠርሙሱ ሲሄድ ይቀዘቅዘኛል፣ ሲመለስም ይቀዘቅዘኛል፤ ሲመለስ ግን ይሸታል።

እናቴ እንኳን አረቄ ጠላም አትጠጣም ነበር። ለበዓል ትጠምቃለች እንጂ ራሷ የምትጠጣው ቅሪቦ ነው። አባቴ ማታ ማታ መለኪያውን ይዞ ምድጃው አጠገብ ይቀመጥና «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያለ ይቀልድባታል። አንድ ማታ ከመሶቡ ጎን የነበረውን ማር አንስቶ በመለኪያው ጠብ አደረገበት፣ በማንኪያ አማሰለው፣ «በሞቴ ቅመሺ» አላት።

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

«በሞቴ ካልኩሽ በኋላ!»

ቀመሰች። ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ ሳቀች። እሱም ሳቀ። እኔና ወንድሜ ለምን እንደሆነ ሳናውቅ አብረን ሳቅን። እውነቱን ልናገርና፣ ከልጅነቴ አንድ ማታ መርጠሽ ተመለሽበት ብባል ያንን ነው የምመርጠው። አባቴ በጊዜ ገብቶ፣ እናቴ ጉንጯ ቀልቶ፣ ቤቱ ሞቆ።

ፊልሙም ይሄን ያውቃል። ጆና ኪርስተን በፍቅራቸው መጀመሪያ ሌሊት ውሃው ዳር ይቀመጣሉ። እሷ የኧርነስት ዳውሰንን ግጥም ትልለታለች፣ የወይንና የጽጌረዳ ቀናት ረጅም አይደሉም የሚለውን። የፊልሙ ርእስ የተወሰደው ከዚያ ነው። ውሃው ከሩቅ ያምራል፣ ቀረብ ብሎ ላየው ግን ቆሻሻ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

ከተጋቡ በኋላ ያለውን አልዘረዝርም። ልጅ ይወልዳሉ። ጆ ሰክሮ ይገባል፤ ሚስቱ ጡት ስለምታጠባ አብራው አትጠጣም፣ እሱ ደግሞ ይሄ ያናድደዋል። ብቻዬን ተውሽኝ ነው ነገሩ። በኋላ ራሷ ብርጭቆ ስታነሳ ፊልሙ ሙዚቃ አያስጮህም፣ ማንም አይደነግጥም። እሱ ለሥራ ሌላ ከተማ ሳለ ጠጥታ ተኝታ ቤቱን በእሳት ታያይዘዋለች፤ እሷም ልጇም ለጥቂት ነው የተረፉት። እሱ ከሥራ ሥራ ይባረራል። አንድ ቀን በመጠጥ ቤት መስኮት የራሱን ምስል አይቶ «ይሄ ዱርዬ ማነው?» ብሎ ያስባል፤ ለካ ራሱ ነው።

የኪርስተን አባት አበባና ችግኝ የሚያፈሉ ሰው ናቸው። እዚያ ሄደው እየሠሩ ለሁለት ወር ያህል ከመጠጥ ይርቃሉ። ጤናቸው ይመለሳል፣ ይስቃሉ። ከዚያ ጆ እንደ ሽልማት ይቆጥረውና መጠጥ ደብቆ ያስገባል። ያንን ሲጨርሱ፣ አንድ ጠርሙስ አበባ ቤቱ ውስጥ እንደቀበረ ትዝ ይለዋል፤ የትኛው ማሰሮ ውስጥ እንደሆነ ግን ጠፍቶታል። የሽማግሌውን ችግኝ በሌሊት አንድ በአንድ እየነቀለ፣ ማሰሮውን እየሰበረ፣ አፈር በጥርሱ እየገባ ይፈልጋል። ጃክ ሌመን እዚህ ላይ የሠራውን ሥራ ከዚህ ቀደም በየትኛውም ፊልም አላየሁም። ያገኘዋል ደግሞ። ሲያገኘው እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነው የሚጠባው።

ቀጥሎ ሆስፒታል ነው፤ እጅን ወደ ኋላ በሚያስረው ልብስ ተጠፍሮ ይጮኻል። ከዚያም የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር ሰው ይመጣለታል። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1935 አክረን፣ ኦሃዮ፣ በሁለት ሰካራሞች የተጀመረ ነው፤ አንዱ የአክሲዮን ነጋዴ፣ ሌላው ሐኪም። ዘዴያቸው ስብሰባ ነው። ትነሳለህ፣ ስምህን ትናገራለህ፣ የአልኮል ሱሰኛ ነኝ ትላለህ። ሌላው ያዳምጣል።

ጆ ተነስቶ ሲናገር እኔ አፈርኩለት። እዚህ አልጋዬ ላይ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ለአሜሪካዊው አፈርኩለት! በእኛ ቤት ይሄ ገመና ነው። የነፍስ አባት ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ አረቄ አውጪዋ በሊትር ታውቃለች፤ ማንም ግን አይናገረውም። ፈረንጁም ቢሆን የቀለለው አይመስለኝም። ሌመን ራሱ የአልኮል ሱሰኛ እንደነበረ በአደባባይ የተናገረው ይሄ ፊልም ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጆ ክሌይን ሆኖ ተነስቶ ከተናገረ በኋላ የራሱን ለመናገር ያን ያህል ጊዜ ወሰደበት።

የአባቴ አካሄድ ሌላ ነበር። ጉበትህ ተነክቷል ሲባል ጸበል ገባ፣ ካህን ፊት ተገዘተ፣ ተወ። በቃ። ሲመለስ ሌላ ሰው ነው። በጊዜ ይገባል፣ ዳዊቱን ይደግማል፣ ይተኛል። ሁላችንም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። እናቴም አለች።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ሽሮ ልቀዳ ጓዳ ገብቼ ጣሳው ውስጥ እጄን ስሰድ አንድ ጠንካራ ነገር ነካሁ። መለኪያ ነው። ሽሮ ውስጥ ስለተቀበረ ውጩ ብርቱካን መስሏል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። አሸተትኩት። አረቄ ከማር ጋር።

የአባቴ መለኪያ ነው። እሱ ከተወው አንድ ዓመት ሊሞላው ነው።

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፤ አጠብኩት። በነጠላዬ ጫፍ አደረቅኩት፣ መልሼ ሽሮው ውስጥ ቀበርኩት። ለምን እንዳጠብኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴ ንጹሕ ሆኖ ስታገኘው ሰው እንዳየባት ገብቷታል መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ቦታው ተቀየረ። እኔም አልፈለግኩትም።

አባቴም ያውቅ ነበር። ያወቅኩት በማሩ ነው። የማር ዕቃው ከመሶቡ ጎን ጠፍቶ ቁም ሣጥን አናት ላይ ወጣ፣ ከዚያ አልጋ ሥር፣ ከዚያ ደግሞ የእሱ የቆየ ሻንጣ ውስጥ። የሚደብቀው አረቄውን አልነበረም። አንድም ቀን ጠርሙስ አልደፋባትም፣ አልተቆጣትም፣ አልመከራትም። ማሩን ብቻ ነበር የሚደብቀው።

በጆ የተናደድኩት ለዚህ ነው። በመጨረሻው ትዕይንት ኪርስተን ትመጣለች። ሁለት ቀን አልጠጣሁም ትላለች። ልብሷን አስተካክላለች፣ ፊቷ ግን ገርጥቷል። ጆ ትንሽ ኪራይ ቤት ውስጥ ልጃቸውን እያሳደገ ነው፣ ሥራ አለው፣ ድኗል። ልመለስ ትላለች። ግን መጠጥ አልተውም፤ ሳልጠጣ ዓለም ቆሻሻ ሆኖ ነው የሚታየኝ ትለዋለች፤ ያ ውሃ ቀረብ ሲባል እንደሚታየው። እሱም፣ የድሮው እኔና አንቺ ብቻ አልነበርንም፣ መጠጥ ሦስተኛችን ነበር ይላታል። እወድሻለሁ፣ ግን እፈራሻለሁ። ትወጣለች።

ያቀመስካት አንተ! ቸኮሌት ፈልገህ ያመጣህላት አንተ! አሁን በር ላይ ቆመህ ትፈራታለህ? ላፕቶፑን ልዘጋው ነበር። ከዚያ መልሼ አየሁት። ሁለተኛ ሳየው ፊቱን ነው ያየሁት። በመስኮት ወደ ታች ያያታል፤ እግሩ ሊሮጥ ይፈልጋል፣ አይሮጥም። ከማዶ ያለው የመጠጥ ቤት የኒዮን ጽሑፍ መስኮቱ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ቢሮጥ ይዟት አይመለስም፣ አብሯት ነው የሚቀረው። የጋበዘ ሰው ግብዣውን የሚመልስበት መንገድ የለውም ለካ። አባቴ በዚያ ማር ዕቃ ቤቱን ሲዞር የነበረው መንገዱን ፍለጋ ነው።

(ሁለቱም ተዋንያን ለኦስካር ታጭተው ነበር፤ የተሸለመው ግን የሄንሪ ማንሲኒና የጆኒ መርሰር ዘፈን ብቻ ነው። ዘፈኑ ያምራል። ቢሆንም አይገባኝም።)

እናቴም መጠጡን ተወችው። መቼ እንደሆነ በቀን መናገር አልችልም። አንድ ዐቢይ ጾም ገባ፣ ወጣ፣ ፋሲካ ሆነ፣ ሌላው ሲጠጣ ቅሪቦዋን ይዛ ተቀመጠች። አልተገዘተችም፣ ጸበል አልገባችም፣ ለማንም አልተናገረችም። አባቴ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ። አሁን አዲስ አበባ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው።

ለሁለተኛ ጊዜ እያየሁ ሳለ በሩን ከፍታ ገባች። ውሃ ልትጠጣ ተነስታ ነው፣ ጋቢዋን ደርባ።

«ደሞ በዚህ ሌሊት ምን ታያለሽ?»

«ፊልም ነው እማዬ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ኪርስተን በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ምን ሆና ነው እንዲህ የገረጣችው?»

«ትጠጣለች። ባሏ ተወ፣ እሷ አልተወችም።»

«እሱ ነው ያስለመዳት?»

«አዎ።»

ዝም አለች። ኪርስተን ወጣች፣ ጆ መስኮቱ ጋ ሄደ፣ ኒዮኑ በራ፣ ጠፋ።

«ልጅቷ ማን ጋ ቀረች?»

«አባቷ ጋ።»

«እ።» ጋቢዋን ሰብስባ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ወደ እኔ ሳትዞር «መጨረሻ መጨረሻ ላይ እኮ ያለ ማር ነበር የምጠጣው» አለች። «በይ አጥፊውና ተኚ፣ ነገ ሥራ አለሽ።»