ሐዋሳ ወይስ ድሬዳዋ? ቤተሰብ ይዞ ለመዛወር የተደረጉ ሁለት ጉዞዎች

የምሠራበት መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ ወደ አንዱ ቅርንጫፉ እንድዛወር ሲወስን ሐዋሳንና ድሬዳዋን አቅርቦ ምርጫውን ለእኔ ተወልኝ፤ መልሴንም እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ እንዳሳውቅ ነገረኝ። ለብቻዬ ብሆን ኖሮ ጉዳዩን በአንድ ምሽት እጨርሰው ነበር። እኛ ግን አምስት ነን፦ ባለቤቴ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ፣ ገና ስድስት ዓመቱን የያዘው ታናሽ ወንድሟ፣ እኔ፣ እንዲሁም የአዲስ አበባን ክረምት ጉልበቷን በጋቢ ጠቅልላ ከአልጋዋ አጠገብ የምታሳልፈው የሰባ አራት ዓመት እናቴ። ስለዚህ ሁለቱንም ከተሞች አምስታችንም በዓይናችን ሳናይ እንዳንወስን ተስማማን።

ወደ ሐዋሳ የሄድነው ከፋሲካ በኋላ ባለው የሳምንት መጨረሻ ነበር። ከቃሊቲ መናኸሪያ ማለዳ ተሳፍረን፣ በሞጆ በኩል ታጥፈን፣ መቂንና ባቱን አልፈን፣ ሻሸመኔ ላይ ከነበረው መጨናነቅ በቀር የሚነገር እክል ሳይገጥመን ከቀትር በፊት ደረስን። ርቀቱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እናቴ ሦስት እኅቶቿና የዕድር ጓደኞቿ ሁሉ አዲስ አበባ ስለሚኖሩ፣ ለልቅሶም ሆነ ለሠርግ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ መቻሉን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ለሐዋሳ ከጻፍኋቸው በጎ ነጥቦች ሁሉ የመጀመሪያው አድርጌ አሰፈርሁት።

ከተማዋ ገና ስንገባ ልጄን ማረከቻት። ሰፋፊዎቹና ቀጥ ብለው የተዘረጉት መንገዶች፣ በመሐላቸው ያሉት ዛፎች፣ ብስክሌት የሚነዱት ወጣቶች፣ ከሁሉም በላይ በየመንገዱ ጫፍ ብልጭ የሚለው ሐይቅ፣ ከአዲስ አበባ የቁፋሮ አቧራ ለመጣ ሰው በእውነት ዕረፍት ነው። በማግሥቱ ማለዳ ወደ አሞራ ገደል ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ወደ ዳር ሲያስጠጉ፣ ልጆች ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ በሚያስደንቅ ፍጥነት ሲገፉት፣ አባ ኮዳዎቹም ራሰ በራ አንገታቸውን ሰብረው ከሰው መሐል ትራፊያቸውን ሲጠባበቁ ወንድ ልጄ ከአንዱ ወፍ ፊት ለፊት ቆሞ ለረጅም ጊዜ አልነቃነቅ አለ፤ ወፉ ቁመቱ ከእርሱ ብዙም አያንስም ነበር። ትኩስ የዓሣ ሾርባ ጠጣን፤ እናቴም ከባሕር ዳር ዘመኗ ወዲህ እንዲህ ያለ ዓሣ አለመቅመሷን ነገረችን። ያን ማለዳ ማንም ቢጠይቀኝ ኖሮ ጉዳዩ አልቋል ብዬ እመልስ ነበር።

ከተማዋ የሥራ ዕድልም አላት። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆኖ ከተደራጀ ወዲህ መቀመጫው ሐዋሳ መሆኗ ሁሉ፣ መምህርት ለሆነችው ባለቤቴ በሩን ሰፊ ያደርጉታል። ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ለአረጋዊ የሚስማማ ነው፤ ሙቀቱ አያስጨንቅም፣ ብርዱም ከአዲስ አበባው ጋር አይወዳደርም።

ያስቀየመኝ የቤት ፍለጋው ነው። የያዝነው ደላላ ከመነሳታችን በፊት «የማሳያ» ብሎ 1,000 ብር ተቀበለኝ፤ ያሳየንም ከሐይቁና ከገበያው ርቀው በከተማዋ ዳርቻ አዲስ የተሠሩ ሦስት ቤቶችን ነበር። ቤቶቹ ንጹሕ ናቸው፣ ሸክላቸው ያበራል፣ ክፍሎቻቸውም ይበቁናል። ነገር ግን ሦስቱም ከሰው ቁመት በላይ በሆነ አጥር የታጠሩ፣ የብረት በራቸው የተዘጋ፣ በዙሪያቸውም ግማሹ ገና ያልተሠራ ባዶ ቦታ ነበር። አከራዩ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ እንድንከፍል በጠየቀ ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተገቢ እንዳልሆነ ብገልጽለትም ደላላው «እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው» ብሎ አለፈኝ። ቀኑ ሲመሽ የማሳያው ገንዘብ ለአንድ ቤት ብቻ እንደነበር ተናግሮ ተጨማሪ 2,000 ብር ጠየቀኝ፤ ልጆቹ ደክሟቸው ስለነበር ከፈልሁት፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከገንዘቡ በላይ ግን ከልቤ ያልወጣው እናቴ በሦስተኛው ቤት ግቢ ውስጥ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዙሪያውን ከቃኘች በኋላ «እናንተ ሥራ ስትውሉ፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ሲውሉ፣ እኔ እዚህ ከማን ጋር ነው የምውለው?» አለችኝ። ሐይቁ አለ ብዬ ልመልስላት አልቻልሁም፤ ከዚያ ቤት እስከ ፍቅር ሐይቅ ድረስ በባጃጅ ካልሆነ አትደርስም፣ ጉልበቷም ያን ያህል አያራምዳትም። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ አብዛኛውን መንገድ ይህንኑ ሳሰላስል ነበር። እኔ ቀኑን በቢሮ አሳልፋለሁ፤ ከተማውን ከጠዋት እስከ ማታ የምትኖረው እርሷ ናት።

ድሬዳዋን ለማየት ሆን ብዬ ግንቦትን መረጥሁ። የሚያውቁ ሁሉ «በኅዳር ሂድ፣ በጥር ሂድ» ብለውኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቤተሰቤን በኅዳር አየር አታልዬ በሰኔ ሐሩር ውስጥ መክተት አልፈለግሁም። ከልጆቹ ትምህርት ቤት ሁለት ቀን አስፈቅደን ከፉሪ ለቡ ጣቢያ በባቡር ተነሣን። ይህ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ለአረጋዊ ከአውቶቡስ እጅግ የተሻለ ነው፤ እናቴ በፈለገች ጊዜ እየተነሣች ትንቀሳቀስ፣ እግሯን ትዘረጋ ነበር። መተሐራ ላይ እየሰፋ የመጣውን የበሰቃን ሐይቅና ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አየን፤ ከአዋሽ በኋላ ያለውን ረጅም ቆላ ሁላችንም ተኝተን አለፍነው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ በባጃጅ መግባት ግድ ነው። ሾፌሩ 600 ብር ጠይቆ እናቴን ባየ ጊዜ ራሱ ወደ 400 ዝቅ አደረገው።

የመጀመሪያው ሌሊት ክፉ ነበር። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ፤ የእንግዳ ማረፊያው ጄኔሬተር አልነሣ አለ፤ ማራገቢያው ቆመ፤ ክፍሉም እንደ ምድጃ ጋለ። ወንድ ልጄ አለቀሰ፤ ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «እዚህ አልኖርም» አለች፤ ባለቤቴ እርጥብ ፎጣ እያገላበጠች ከአንዱ ወደ ሌላው ስትመላለስ ነጋ። እኔም ውሳኔዬ ለሐዋሳ እንደሆነ አምኜ ነበር። በዚያ ሌሊት ጉልበቷን ያላሸች፣ ጋቢ ያልጠየቀች፣ ጠዋትም ያለ ምርኩዝ ወደ በሩ የሄደች እናቴ ብቻ ነበረች።

ጠዋት ከዚራ የተባለውን የከተማውን አሮጌ ሰፈር በእግራችን ዞርን። ባቡሩ መጀመሪያ ወደ ሐረር እንዲሄድ ታስቦ ተራራው ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ «አዲስ ሐረር» የተባለችው መንደር እየሰፋች የዛሬዋ ድሬዳዋ ሆነች። የባቡር ኩባንያው ሰዎች በከዚራ የዘረጓቸው ቀጥታ ጎዳናዎች ዛሬም ከግራና ከቀኝ በገጠሙ ዛፎች ጥላ ሥር ናቸው። ያ ጥላ በካርታም በፎቶም ሊታይ የማይችል ነገር ነው፤ ፀሐዩ ላይ ሃያ እርምጃ የማትሄደው እናቴ በጥላው ሥር ከአሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ ጀምራ ግማሽ ሰዓት ያህል ተራመደች፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ወር ያን ያህል አትራመድም።

ከጣቢያው አቅራቢያ በዛፍ ሥር ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እናቴ ስትደክም አይተው ከወንበራቸው ተነሡላት። በአሮጌው ባቡር ወርክሾፕ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ በአማርኛቸው መሐል ኦሮምኛም ሶማልኛም ፈረንሳይኛም እየገባ ይናገራሉ። «አባባ፣ ቤት ፍለጋ ነው የመጣነው» አልኋቸው። «ልጄ፣ ቤት ኋላ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጡ» ብለው ወደ ግቢያቸው አስገቡን፤ ባለቤታቸውም ሙሸበክ የተባለውን ጣፋጭና ሻይ አቀረቡልን።

በዚያ ግቢ ውስጥ ያወቅሁት ነገር በሌላ መንገድ ላገኘው የማልችለው ነበር። የከተማው ውሃ ከጉድጓድ ስለሚወጣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ውሃው በየቀኑ ስለማይመጣም ሁሉም ቤት በበርሜል ያጠራቅማል። አዛውንቱ በርሜሎቻቸውን አንድ በአንድ ከፍተው እንደ ከበሮ በጨርቅ የተወጠረ መክደኛቸውን አሳዩኝ። በ2011 ዓ.ም. ችኩንጉኒያ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ከተማውን ሲያዳርስ እርሳቸውም ከአልጋ ውለዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ ከወቅቱ ውጭ ተነሣች። ይህ ሁለተኛው አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው፣ እንደ ሌሎቹ የወባ ትንኞች በረግረግ ብቻ ሳትወሰን በተጠራቀመ የቤት ውሃ ውስጥ ከምትራባው ትንኝ ጋር የተያያዘ ነው። የችኩንጉኒያዋም ትንኝ እንዲሁ በርሜል ትወዳለች። «እዚህ ከተማ የሚያምን ሰው በርሜሉን ከድኖ ይተኛል» አሉኝ። ወደ ደቻቱ ወንዝም ወስደው አሳዩኝ፤ በዚያ ቀን ደረቅ አሸዋ ነበር፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደው ይኸው አሸዋ ነው። ከወንዙ ዳር ያለ ቤት በምንም ዋጋ እንዳልከራይ አስጠነቀቁኝ። ከተማቸውን በጣም የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ክፉውን ሳይደብቁ የነገሩኝ በመሆኑ በጎውንም አመንኋቸው።

ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ ይተኛል፤ እኛም ተኛን። ወደ አሥር ሰዓት ስንነሣ ወደ ቀፊራ ገበያ ሄደን ባለቤቴ የአትክልት ዋጋ ጠየቀች፤ ከዚያም ሳቢያን በተባለው ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለልጆቹ ቦታ እንደሚገኝላቸው አረጋገጠች። በከተማው መንግሥታዊ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ስለሚሰጥ ልጄ በለመደችው ቋንቋ ትቀጥላለች።

ስንመለስ እናቴ ከተውናት ቦታ አልነበረችም። ደንግጬ ፈለግኋት። ያገኘኋት ከአዛውንቱ ቤት ሦስት በር አልፎ፣ ውሃ በተርከፈከፈበት ደጅ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ ከተቀመጡ አምስት ሴቶች መሐል ነው። ሁለቱ ሙስሊሞች ነበሩ፤ አንዷ አማርኛ በቅጡ አትችልም። እናቴ ሁለተኛውን ስኒ ቡና ይዛ ስለ ሦስቱ እኅቶቿ ትነግራቸው ነበር፤ አማርኛ ለማታውቀውም ሌላይቱ ታስተረጉምላታለች። «ነይ አቦ፣ እናትሽን አንሰጥሽም» ብለው ባለቤቴን ሳቁባት። እናቴ አዲስ አበባ ባለንበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ስድስት ዓመት ኖራለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የጎረቤት ቡና የጠጣችበትን ቀን በጣት መቁጠር እችላለሁ።

ያን ምሽት የመብራቱን መጥፋት ስናነሣ ከሴቶቹ አንዷ ሰዉ በሐሩር ወቅት አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ እንደሚተኛ ነገረችን። ግቢ ያለው፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ የሚገኝ፣ ከደቻቱ የራቀ ቤት ያገኘነውም በእርሷ በኩል፣ ያለ ደላላ ነው። ኪራዩ በወር 14,000 ብር ነው፤ ሐዋሳ ካየናቸው ቤቶች በመጠኑ ያንሳል፤ ሸክላው ግን አሮጌ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አከራይዋ በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ራሷ አስታወሰችኝ።

ከተመለስን በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ተነጋገርን። ልጄ ለሐዋሳ ናት፤ ምክንያቶቿም እውነተኛ ናቸው፦ ሙቀቱ፣ ትንኙ፣ ሐይቁ፣ ከጓደኞቿ ያለው ርቀት። በሐዋሳ እርሷ ደስተኛ እንደምትሆን አላጠራጠረኝም፤ ያሳዘነኝም ይህ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሥራ በሐዋሳ ቶሎ እንደሚገኝላት ታውቃለች፤ ሆኖም «እማዬ ያን ቀን እንደሳቀችው ስትስቅ አይቻት አላውቅም» ብላ ወደ እኔ አዘነበለች። ለልጄ በየዓመቱ የክረምቱን ዕረፍት አዲስ አበባ አክስቶቿ ዘንድ እንደምታሳልፍ ቃል ገባሁላት፤ በጽሑፍ እንድሰጣት ጠይቃኝም ጽፌ ፈረምሁላት።

መልሴን ሰኔ 20 ቀን ለመሥሪያ ቤቱ አስገባሁ። ዕቃችንን በነሐሴ መጨረሻ እንጭናለን። አዛውንቱ ትናንት ደውለው ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት በርሜሎች መክደኛ እንደሌላቸው ነገሩኝ፤ እስክንመጣ ድረስ በጨርቅ ወጥረው እንደሚያስሩልንም ጨመሩ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ምንጣፉ ላይ የነበሩትን ሴቶች አንድ በአንድ በስማቸው ጠየቀቻቸው።