ማሽላው ያኔ ቆሞ ነበር

አንዲት ጥያቄ አብዝቼ ጠይቄ ደንበኛዬ ተፈርዶበታል። ብዙ ዓመት ሆነው። አሁንም የነፍስ ግድያ መዝገብ በያዝኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ያኔ ደሴ ውስጥ ተከላካይ ጠበቃ ነበርኩ። ጠበቃ ማቆም የማይችል ተከሳሽ፣ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ያለ መብት ነው። መዝገቡ እጄ የገባው በዚህ መንገድ ነው። ቦታው ከኮምቦልቻ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ነው። የሰዎቹን ገመና ለመጠበቅ ስምም ቀበሌም አልጠቅስም፤ ትንንሽ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

ዐቃቤ ሕግ አንድ ዋና የዓይን ምስክር ነበረው። ለፖሊስ የሰጠው ቃል አጭር ነው። «ማሳዬ ላይ ሆኜ ሲመታው አይቻለሁ» ይላል። ድርጊቱ የተፈጸመው በመስከረም መጨረሻ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እኔ ቦታውን ያየሁት በየካቲት ነው። ማሽላው ታጭዷል፣ አገዳው ተነስቷል፣ ማሳው ባዶ ነው። ከምስክሩ ማሳ ሟች እስከወደቀበት ድረስ በእርምጃ ለካሁ። 90 እርምጃ። በመሀል የሚከልል አንድ ቁጥቋጦ እንኳን የለም። ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

ልመለስ ስል አንዲት ልጅ ፍየሎቿን እየነዳች መጣች። ምን እንደምለካ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ያኔማ ማሽላው ቆሞ ነበር» አለችኝ።

የቆላ ማሽላ በመስከረም መጨረሻ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ባዶውን ማሳ ሳይ ግን ከአእምሮዬ ጠፋ። ልጅቷን አመስግኜ በደስታ ወደ መኪና መንገዱ ወጣሁ። ያ ደስታ ነው ጉድ የሠራኝ። የፈለግሁትን ሰማሁና ሌላ ነገር ሳልጠይቅ ሄድኩ።

ችሎቱ ሞልቷል። የሟች ወገን በአንድ በኩል፣ የተከሳሽ ወገን በሌላው። ምስክሩ ቃለ መሃላ ፈጽሞ ለዐቃቤ ሕግ የታወቀውን ተናገረ። ተራው የእኔ ሆነ።

«በመስከረም ማሳዎ ላይ ምን ነበር?»

«ማሽላ።»

«ቁመቱስ?»

«ከእኔ ይበልጣል።»

«በእርስዎና ሟች በወደቀበት ቦታ መካከል ያለው ማሳስ?»

«እሱም ማሽላ ነው።»

እዚህ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። ዳኞቹ እየጻፉ ነው። የተከሳሹ እናት ቀና ብላለች። እኔ ግን ድሉን በምስክሩ አንደበት መስማት አማረኝ። «ታዲያ በዚያ ሁሉ ማሽላ ውስጥ ሆነው እንዴት ሊያዩ ቻሉ?»

ሰውየው ተገርሞ አየኝ። «ማማ ላይ ነበርኩ እኮ። ወፍ እየጠበቅሁ።»

ከተማ ላደጋችሁ ልንገር። ማሽላ እሸት ሲይዝ ወፍ ያጠፋዋል። ገበሬው ማሳው መሀል ረጃጅም እንጨት ተክሎ ማማ ይሠራል። እላዩ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ከንጋት እስከ ማታ ይጮሃል። ማማ ላይ ላለ ሰው ማሽላው ከእግሩ በታች ነው። አገሩ ሁሉ ይታየዋል።

ሳልጠይቅ ብቀመጥ ዐቃቤ ሕጉ በድጋሚ ጥያቄ ያነሳው ይሆን? ዳኞቹስ በማጣሪያ ጥያቄ ያወጡት ነበር? ምናልባት። ያን ሁሉ ግን እኔው ራሴ ቀድሜ ጨረስኩት። ደንበኛዬ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540፣ በተራ የሰው ግድያ፣ 14 ዓመት ተፈረደበት። ይግባኝ አልን፤ አልተለወጠም።

ማረሚያ ቤት ልጠይቀው ስሄድ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ፣ ማማውን እኔን ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር» አለኝ። የዚያ አገር ልጅ ነው፤ ማን የት ማማ እንዳለው ያውቃል። እኔ ደግሞ አምስት ጊዜ አግኝቼው ስለ ማሳው አንድም ቃል አልጠየቅሁትም።

በኋላ፣ በዓመቱ መስከረም፣ ወደዚያው ቦታ ሄድኩ። ባለማሳውን አስፈቅጄ በ11 ሰዓት ተኩል ማማው ላይ ወጣሁ። ሟች የወደቀበት ቦታ በስተምዕራብ ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ዓይኔን ወጋችኝ። በመንገዱ የሚሄዱ ሰዎች ይታያሉ። ወንድ ይሁኑ ሴት፣ ማን ከማን እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም። ክርክሩ እዚያ ነበር። ማማውን አስቀድሜ አውቄ ቢሆን ምስክሩን ስለ ፀሐይዋ እጠይቀው ነበር። ደንበኛዬ እውነት ንጹሕ ነበር ወይ ብትሉኝ አላውቅም። የእኔ ሥራ ግን ያችን ፀሐይ ፍርድ ቤት ማድረስ ነበር። አላደረስኳትም።

ከዚያ ወዲህ ቦታውን የማየው ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰዓት ነው፤ ከተቻለም በዚያው ወቅት። ደግሞ ብቻዬን አልሄድም። አገሩን የሚያውቅ ሰው ይዤ ሄጄ «ያኔ እዚህ ምን ነበር? ማን ነበር?» እላለሁ። መልሱ ደስ ካሰኘኝ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ችሎት ላይ የማይጠየቀው ጥያቄ የሚጠየቀው እዚያ፣ ማሳው ላይ ነው።

ወጣት ጠበቆች አንዳንዴ በፊልም እንዳዩት ይሞክራሉ። ዞር ብለው ለተቀመጠው ሰው ይናገራሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እኛ ጋ ጁሪ የለም። የምታሳምናቸው 12 የሰፈር ሰዎች የሉም። እኔ በያዝኳቸው የነፍስ መዝገቦች ፊቴ የነበሩት ሦስት ዳኞች ናቸው፤ የመሀል፣ የግራ፣ የቀኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁበት የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ዋና ጥያቄ፣ የተቃራኒው ወገን መስቀለኛ ጥያቄ፣ ድጋሚ ጥያቄ የሚለውን አካሄድ ጁሪ ካላቸው አገሮች ወስዷል። ጁሪውን ግን አላመጣውም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጁሪ ያላቸው አገሮች ምስክሩን የሰሙት ሰዎች ራሳቸው ይወስናሉ። እኛ ጋ ምስክር ዛሬ ይሰማል፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ከወራት በኋላ ይሆናል፣ በመሀል ዳኛ ይቀየራል። አንድ መዝገቤ ላይ ምስክሮቹን ከሰሙት ሦስት ዳኞች ፍርዱን የፈረሙት አንዱ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ የፈረዱት መዝገብ አንብበው ነው። ምስክሩ ላቡን ሲጠርግ አላዩም። «እእ…» እያለ ሲያንገራግርም አልሰሙም። ላብ አይጻፍማ።

ስለዚህ የምከራከረው ለመዝገቡ ነው። ምስክሩ በእጁ «እስከዚህ ድረስ» ብሎ ካሳየ «ምስክሩ በግምት 10 ሜትር ያህል አሳይቷል ተብሎ ይመዝገብልኝ» እላለሁ። ሲጠየቅ ዝም ካለ፣ ዝም ማለቱ እንዲጻፍልኝ አመለክታለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ በአንድ ጥያቄ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ። ያኔ የመሀል ዳኛው በእጃቸው ነበር የሚጽፉት። እስክሪብቷቸው እስኪቆም ሳልጠብቅ ቀጣዩን ከጠየቅሁ የቀደመው መልስ ግማሹ ይቀራል። ዳኛው እየጻፉ የቆምኩባቸው እነዚያ ደቂቃዎች መጀመሪያ ያስጨንቁኝ ነበር። በኋላ ለመድኳቸው።

ሌላው መዝገብ የውሃ ጠብ ነው። የመስኖ ተራ። በጋ ላይ ውሃ ሲያንስ በወሎ ስንት ወንድማማች እንደሚጣላ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ሟች በአካፋ ተመትቶ ነው የሞተው። ደንበኛዬ የ23 ዓመት ልጅ ነው። መጀመሪያ ስንገናኝ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» አለኝ። ሁለተኛ ጊዜም እንደዚያው። ማረፊያ ቤት ውስጥ ያገኛቸው ሰዎች «ክደህ ቁም፣ ዝም አይነቅዝም» ብለው መክረውታል።

በሦስተኛው ቀን ስለ ክሱ አላወራሁም። እናቱ የላከችለትን በሶ ይዤለት ሄጄ ስለ በሬዎቹ አወራን። ሊበጠብጠው እጅጌውን ሰበሰበ። የግራ ክንዱ ላይ ረጅም ጠባሳ አየሁ። አዲስ ነው፤ ገና ቀይ ነው። አየኝና ቶሎ እጅጌውን መለሰው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እንጨት ስፈልጥ ነው።»

«የትኛው ጤና ጣቢያ ነው የሰፉልህ?»

ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ አለቀሰ።

ሟች መጥረቢያ ይዞ ነበር የመጣው። መጀመሪያ የሰነዘረውም እሱ ነው። ልጁ በክንዱ መከተና በያዘው አካፋ መታው። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። ጠባሳውን የደበቀው እዚያ እንደነበረ ስለሚያሳብቅበት ነው። ነፍሱን ሊያድንለት የሚችለውን ማስረጃ በእጅጌው ሸፍኖ ሁለት ጊዜ ዋሸኝ።

የወንጀል ሕጉን ቁጥር ለሁሉም ደንበኛ እነግራለሁ፤ ታሪኩን ከሰማሁ በኋላ ግን። ከዚያ በፊት ከነገርኩት ታሪኩን በቁጥሩ ልክ ይሰፋዋል። አንቀጽ 539 ከሆነ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። 540 ከሆነ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። 541 ከሆነ ግን ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው፤ ራሱን ሲከላከል ከልክ ያለፈ ሰው የሚገባው እዚህ ነው። «አልነበርኩም» ያለ ሰው ግን «ራሴን ስከላከል ነው» ማለት አይችልም። ክዶ መቆም ይህን በር ይዘጋዋል።

ጤና ጣቢያው መዝገቡን እንዲልክ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ሰጠልን። በዚያው ቀን፣ በዚያው ማታ፣ የልጁ ስም ተጽፏል። «በስለት የተቆረጠ» ይላል። የፖሊስ ምርመራ መዝገብ ውስጥ ይህ የለም። ማንም ስላልጠየቀ ነው። ፍርድ ቤቱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 142 «ይከላከል» ብሎ በየነ። ቤተሰቡ አለቀ ብሎ ለቅሶ ጀመረ። አብሽሩ አልኳቸው። «ይከላከል» ማለት የመከላከያ ማስረጃህን አሰማ ማለት ነው እንጂ ተፈረደበት ማለት አይደለም። ለዚህ ልጅ እንዲያውም ሥራው የሚጀመረው እዚያ ነበር።

ከዚያ ብይን በፊት ግን አንድ ፈተና ነበር። ሽማግሌዎቹ። ወሎ ውስጥ ሰው ከሞተ አገር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሼሁም መምሬውም ተቀላቅለው ደም ለማድረቅ ይወጣሉ። የገዳይ ወገን ጥፋቱን ያምናል፣ ካሣ ይከፍላል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ችግሩ ያ እምነት ችሎት ላይ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ሽምግልናው ላይ የተቀመጠ ሰው ምስክር ሆኖ ቀርቦ «ገድያለሁ ብሏል» ይላል። እርቅ ደግሞ ክሱን አያስቀረውም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ክርክሩ እስኪያልቅ እርቁን አስቁም ብሎኝ ነበር። አልተስማማሁም። እርቁ ከቆመ የልጁ ወንድም ገበያ መውጣት አይችልም። ጠላት ከደጅ ቆሞ ከሚረታ ክርክር የተሸነፈ ክርክር ይሻለኛል። ያደረግሁት ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹን አግኝቼ ነገሩ የሆነው ሳይቀነስ ሳይጨመር እንዲነገር ለመንኩ፤ መጥረቢያውም አካፋውም። እሺ አሉ። ቆይቶ ከመካከላቸው አንዱ ለዐቃቤ ሕግ ሲመሰክሩ የተናገሩት ያንኑ ነበር። ያ ቃል ከእኔ ክርክር ሁሉ በላይ ጠቀመን።

ፍርዱ በ541 ሆነ። ቅጣቱ ላይ እርቁንና ካሣውን በአንቀጽ 82 ማቅለያ አድርጌ አቀረብኩ፤ ተያዘልን። 3 ዓመት ከ4 ወር። የታሰረው ይታሰብለታል።

ስወጣ የሟች አባት ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ነጭ ጺም፣ ጥቁር ከዘራ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። «ልጄ፣ ጋቢው ፖሊስ ጋ ነው አሉኝ። በኤግዚቢት። እንዴት ነው የሚወጣው?» አሉ። ፍርዱ ላይ ለቤተሰብ እንዲመለስ ታዟል አልኳቸው። ማመልከቻውን እዚያው ደረጃ ላይ ጻፍኩላቸው። አብረን ሄድን። መጥረቢያውን አልፈለጉትም። ጋቢውን ተቀብለው ደሙ ያለበትን በኩል ወደ ውስጥ አጠፉት፣ በፌስታል አደረጉት፣ ወደ መናኸሪያ ወረዱ።